ቀደም ወዳለ በረራ መዛወር፦ ስታንድባይ ይሻላል ወይስ የተረጋገጠ ወንበር?

ስብሰባው ከታሰበው በፊት አለቀ። የመልስ በረራችሁ ማታ 3 ሰዓት ነው፤ አሁን ገና ከቀኑ 8 ሰዓት። ኤርፖርት ገብታችሁ ሰሌዳውን ቀና ብላችሁ ስታዩ፣ የዚያው አየር መንገድ ሌላ አውሮፕላን ወደ ከተማችሁ 10 ሰዓት ላይ ይነሳል። (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ልባችሁ "በዚህ ብሄድስ?" ይላል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። "ትኬቴ የማታ ነው፣ ምን ይደረጋል" ብሎ ቡና ገዝቶ ቁጭ ይላል። አንዳንዱን ይሉኝታ ይይዘዋል። አንዳንዱ ደግሞ ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍሉት ይመስለዋል። ድሮ ልክ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የአገር ውስጥ ትኬት መቀየር በትልልቆቹ አየር መንገዶች 200 ዶላር ቅጣት ያስከፍል ነበር። በነሐሴ 2020 በፈረንጆቹ፣ በኮሮና ጊዜ፣ ዩናይትድ ያንን ቅጣት ለአብዛኛው ትኬት አነሳ። በማግስቱ ዴልታና አሜሪካን ኤርላይንስ ተከተሉት። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል፤ የብዙዎቻችን ሐሳብ ግን እዚያው 200 ዶላሩ ላይ ቆሟል።

እኔ በሥራ ምክንያት በወር ሁለት ሦስቴ እበራለሁ። የምጽፈውም በዋናነት ስለ አሜሪካ የአገር ውስጥ በረራ ነው፤ በደንብ የማውቀው እሱን ነው። ከአዲስ አበባ መጥታችሁ ደለስ (ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ያለው ኤርፖርት) ላይ አውሮፕላን ለምትቀይሩ፣ ወይም ከሌላ ስቴት ተነስታችሁ በደለስ በኩል ወደ አገር ቤት ለምትሄዱም የተለየ ቦታ አለኝ።

አንድ ነገር በቅድሚያ ልበል። "ቀደም ባለው በረራ ልሂድ?" የሚለው ጥያቄ አንድ ጥያቄ አይደለም። ቢያንስ አራት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ዋጋቸውም፣ የሚያስጥላችሁም ነገር ይለያያል። የትኛውን እንደምትጠይቁ ሳታውቁ ካውንተር ላይ ከቆማችሁ፣ ሠራተኛው ለእሱ የቀለለውን ይመልስላችኋል።

ሁለቱ የሚምታቱት

የመጀመሪያው ሴም ዴይ ቼንጅ የሚባለው ነው። በዚያው ቀን፣ በዚያው መስመር፣ ወደ ሌላ በረራ መዛወር። ወንበሩ ተረጋግጦ ይሰጣችኋል። አዲስ ቦርዲንግ ፓስ ትይዛላችሁ፤ አለቀ። ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፦ የዋጋ ልዩነት አትከፍሉም። ትኬቱ አሁን ስንት ገባ የሚለው አይመለከታችሁም። ወይ ነጻ ነው፣ ወይ የተቆረጠ ክፍያ አለው። ክፍያው እንደ አየር መንገዱ፣ እንደ መስመሩና በአየር መንገዱ የደንበኞች ፕሮግራም ውስጥ እንዳላችሁ የአባልነት ደረጃ ይለያያል።

ሁለተኛው ስታንድባይ ነው። ስማችሁ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ በሩ ሊዘጋ ሲል ባዶ ወንበር ካለ ትጠራላችሁ። ብዙ ጊዜ ነጻ ነው። ዩናይትድ ከጥር 2021 ጀምሮ፣ የትኬቱ ዓይነት ሳይለይ፣ በጉዞው ቀን ስታንድባይ መመዝገብን ለሁሉም ነጻ እንደሚያደርግ ነበር ያሳወቀው። አሜሪካንም ከጥቅምት 2020 ጀምሮ በአገር ውስጥ ቀደም ላለ በረራ ስታንድባይን ነጻ አድርጎ ነበር። እነዚህ ውሎች በየጊዜው ስለሚነካኩ፣ ከመሄዳችሁ በፊት የራሳችሁን ትኬት ውል የአየር መንገዱ አፕ ላይ ክፈቱና እዩ።

አሁን ወደ ልዩነታቸው እንምጣ። ስታንድባይ ስትመዘገቡ የማታው ወንበራችሁ አይነካም። ባይሳካ፣ በማታው ትሄዳላችሁ። የቀረባችሁ ነገር የለም። ሴም ዴይ ቼንጅ ስታደርጉ ግን የማታው ወንበር በዚያችው ደቂቃ ለሌላ ሰው ክፍት ይሆናል። ያዛወራችሁበት በረራ ቢዘገይ፣ ቢሰረዝ፣ ወደ ማታው መመለስ የምትችሉት ቦታ ከተረፈ ብቻ ነው። መስኮት ዳር ብላችሁ የከፈላችሁበት ወንበርም አብሮ ይሄዳል፤ ገንዘቡ ላይመለስ ይችላል።

ስለዚህ ራሳችሁን ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። ቀደም ብዬ ካልደረስኩ የሚበላሽ ነገር አለ? ካለ፣ የተረጋገጠውን ጠይቁ፤ ክፍያ ቢኖረውም ክፈሉ። ወይስ ደክሞኝ ነው፣ ቤቴ ገብቼ እራት ልብላ ነው? እንግዲያው ስታንድባይ ይበቃችኋል።

የጥያቄው ቃል ራሱ ዋጋ አለው። "ቀይሩልኝ" ብቻ ካላችሁ ሠራተኛው እንደ ተራ ለውጥ ቆጥሮ የዛሬውን የትኬት ዋጋ ያወጣላችኋል። 300 ዶላር ሲላችሁ ደንግጣችሁ ትመለሳላችሁ። "ሴም ዴይ ቼንጅ" ብላችሁ ስሙን ጥሩት። ወንበር የለም ካላችሁ "እንግዲያው ስታንድባይ ላይ አስገባኝ" በሉ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

ስታንድባይ ላይ የደረሰብኝ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የጓደኛዬ እናት ሜሪላንድ አረፉ። እኔ ለሥራ ቴክሳስ ነበርኩ። ለቅሶ ቤቱ በዚያ ቀን ማታ ሰው የሚበዛበት ነበር፤ እኔም ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ከጓደኛዬ ጎን መቀመጥ ፈልጌያለሁ። የተረጋገጠ ወንበር በትንሽ ክፍያ ጠዋት ላይ ነበረ። አልከፈልኩም። "ስታንድባይ ነጻ ነው፣ ሦስተኛ ነኝ፣ ይሳካል" ብዬ ገመትኩ።

ጌቱ ላይ ስክሪን አለ። ብዙ ጊዜ ስም ሙሉውን አይጽፍም። የአባት ስም የመጀመሪያዎቹን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ከዚያ የራሳችሁን ስም አንድ ፊደል ነው የሚያሳየው። ስሜን አይቼ ተረጋጋሁ። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ስለነበር ግድግዳው ጋ ሄጄ ሰካሁት። ሠራተኛዋ በማይክ ስም ጠራች። የጠራችው የአባቴን ስም ነበር፤ አነባበቧ ግን እኔ ከማውቀው ስም ጋር በአንድ ፊደል እንኳን አይገናኝም። ሁለቴ ጠራች። ሌላ ሰው ተነስቶ ሄደ። እኔ ቆሜ ራሴ ላይ ያለው ስክሪን ላይ ሳይ፣ ከእኔ በታች የነበረው ሰው ስም አጠገብ ምልክት ገብቷል፤ የእኔ ጠፍቷል። ጠረጴዛው ጋ ስደርስ በሩ ተዘግቷል።

ለቅሶ ቤት የደረስኩት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። መብራት ጠፍቶ ነበር። በማግስቱ ነው ጓደኛዬን ያገኘሁት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማደርገው ይህ ነው። ስታንድባይ ከተመዘገብኩ ጌቱ ላይ ሠራተኛው ገና እንደደረሰ እሄዳለሁ። "ስታንድባይ ዝርዝር ላይ ነኝ፣ ስሜ ይህ ነው" ብዬ ፓስፖርቴን ወይም መንጃ ፈቃዴን አሳያለሁ። ስሜን እንዴት እንደሚያነቡት እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት፣ የሚያዩኝ ቦታ እቀመጣለሁ። መሳፈር ሲጀመር አልነሳም። ሽንት ቤትም አስቀድሜ ነው የምሄደው። ለእኛ ስም ይህ የግድ ነው። ኃይለማርያም፣ ወልደጊዮርጊስ፣ ጸጋዬ የሚሉ ስሞችን ማይክ ይዞ የቆመ እንግዳ ሰው እንዴት እንደሚጠራቸው አስቡት።

ስለ ዝርዝሩም አንድ ነገር እወቁ። ቀድሞ የተመዘገበ ሁሉ ቀድሞ አይሄድም። የአባልነት ደረጃ ያለው ከፍ ይላል፤ ኮኔክሽን (አውሮፕላን ቀይሮ የሚቀጥልበት በረራ) ያመለጠው ተሳፋሪም እንዲሁ። ሦስተኛ የነበራችሁት ሰዎች በግማሽ ሰዓት ውስጥ ዘጠነኛ ልትሆኑ ትችላላችሁ። በተቃራኒው ደግሞ ሰው በመጨረሻ ሰዓት ይቀራል። የአገር ውስጥ በረራ በር ብዙ ጊዜ ከመነሻው 15 ደቂቃ በፊት ይዘጋል፤ ነገሩ ሁሉ የሚወሰነው ከዚያ በፊት ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው።

አፑ ላይ የወንበር ካርታውን አይታችሁ "ሃያ ባዶ ወንበር አለ" ብላችሁ አትቁጠሩ። ባዶ ሆኖ የሚታየው ወንበር ገና ወንበር ያልመረጠ ሰው ሊሆን ይችላል። ትኬቱ ተሸጧል፤ ቁጥሩ ብቻ ነው ያልተሰጠው።

ተራ ለውጥና ሌላ ትኬት

ሦስተኛው መንገድ ተራ ለውጥ ነው። ቅጣት የለም፤ የዋጋ ልዩነት ግን አለ። ለጉዞው አንድ ቀን ሲቀረው ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ስለሚወጣ ልዩነቱ ሊያም ይችላል። ይህንን የምመርጠው ቀኑ ሲለያይ ነው። የቅዳሜ ማለዳ በረራ ያለው ሰው አርብ ማታ ልሂድ ካለ፣ ያ ሴም ዴይ አይደለም። የአንድ ሌሊት ልዩነት ቢሆንም ቀኑ ሌላ ነው። ብዙ አየር መንገድ በነጻው ወይም በትንሹ ክፍያ አያስተናግደውም።

አራተኛው ትኬቱን ሰርዞ ከሌላ አየር መንገድ መግዛት ነው። የእናንተ አየር መንገድ ቀደም ያለ በረራ ከሌለው፣ ሌላው ግን ካለው፣ ያዋጣል። የሰረዛችሁት ብዙ ጊዜ ለሌላ ጉዞ የሚሆን ክሬዲት ሆኖ ይቀመጥላችኋል። እዚህ ላይ ግን በጣም እንድትጠነቀቁ የምፈልገው ነገር አለ። የደርሶ መልስ ትኬት ይዛችሁ የመሄጃውን ዝም ብላችሁ ብትቀሩበት፣ የመመለሻው አብሮ ይሰረዛል። "ሄጃለሁ እኮ፣ በሌላ ነው እንጂ" ቢሏቸው አይሰሙም። የማትሄዱበትን በረራ ከመነሳቱ በፊት ደውላችሁ አስወጡት፤ የመመለሻው እንደሚቆይም አረጋግጡ። በዚህ ምክንያት ኤርፖርት ላይ ቆማ አዲስ ትኬት የገዛች ዘመድ አለችኝ።

ቤዚክ ኢኮኖሚ የሚባለውን በጣም ርካሹን ትኬት የያዛችሁ፣ ለውጥ ብዙ ጊዜ አይፈቀድላችሁም ወይም ተቀንሶ ነው የሚፈቀድላችሁ። ስታንድባይ ግን አንዳንዱ ጋ ይሠራል። ቀናችሁ ሊቀየር እንደሚችል ካወቃችሁ፣ መጀመሪያውኑ ሰላሳ አርባ ዶላር ጨምሮ ተራውን ኢኮኖሚ መግዛት ይሻላል። ይህ የእኔ አቋም ነው፤ በርካሹ ገዝቶ በኋላ መለማመጥ አያዋጣም።

በነጻ የሚገኝበት ጊዜ

ከአራቱም የሚሻል ሁኔታ አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ከባድ በረዶ ወደ ዴንቨር ወይም ወደ ሚኒያፖሊስ ሲመጣ፣ ማዕበል ወደ ሂውስተን ሲጠጋ፣ አየር መንገዶች ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ማስታወቂያ ያወጣሉ። በእነዚህ ከተሞች በኩል የሚያልፍ ተሳፋሪ ያለ ክፍያና፣ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ከሆነ፣ ያለ ዋጋ ልዩነት ትኬቱን እንዲቀይር ይፈቅዳሉ። ብዙ ጊዜ ርካሹ ትኬትም ይካተታል። ማስታወቂያው ዌቭር ነው የሚባለው። የአየር ትንበያ መጥፎ መሆኑን ስትሰሙ የአየር መንገዱን ድረ ገጽ እዩ። ካለ፣ በረዶው ሳይመጣ በፊት ባለው ቀን ያለውን በረራ ቶሎ ያዙ። ሰው ሁሉ የሚነቃው በረራ መሰረዝ ሲጀምር ነው፤ ያኔ ወንበር አይገኝም።

ሌላው አየር መንገዱ ራሱ ሰዓቱን ሲቀይርባችሁ ነው። ኢሜይል ይመጣል፤ "የበረራ ሰዓትዎ ተቀይሯል" ይላል፤ እሺ የሚለውን ተጭነን እናልፋለን። አትቸኩሉ። ያ ኢሜይል በር ከፋች ነው። ደውላችሁ "ይህ ሰዓት አይመቸኝም፣ ቀደም ባለው አድርጉልኝ" ማለት ትችላላችሁ፤ ለውጡ ትልቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ያለ ክፍያ ያደርጉታል። በአሜሪካ ከ2024 ወዲህ ባለው ደንብ መሠረት፣ ለውጡ በአገር ውስጥ በረራ 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ፣ በዓለም አቀፍ 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሆነና አዲሱን ሰዓት ካልተቀበላችሁ፣ ገንዘባችሁ ይመለሳል። ክሬዲት ሳይሆን ገንዘብ። አውሮፓ ለምትኖሩ ደግሞ፦ በረራ ከአንድ ሰዓት በላይ ወደ ቀደመ ሰዓት ከተዛወረ፣ እንደተሰረዘ እንደሚቆጠር የአውሮፓ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2021 ወስኗል። ስለዚህ ገንዘብ መመለስ ወይም በሌላ በረራ መሄድ ምርጫው የእናንተ ነው።

ትኬቱን ከገዛችሁ ገና 24 ሰዓት ካልሞላና ጉዞው ቢያንስ ከ7 ቀን በኋላ ከሆነ ደግሞ፣ ከአየር መንገዱ በቀጥታ የገዛችሁትን ያለ ቅጣት ሰርዛችሁ ትክክለኛውን ሰዓት መግዛት ትችላላችሁ። አንዳንዱ አየር መንገድ በስረዛ ፈንታ ትኬቱን ለ24 ሰዓት ይዞ የማቆየት አማራጭ ይሰጣል።

ማንን ልጠይቅ?

አፑ። ከሁሉ በፊት አፑ። ሴም ዴይ ቼንጅ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ለበረራው 24 ሰዓት ሲቀረው ነው። ያኔ ከገባችሁ ምርጫ አለ፤ ስትዘገዩ ይቀንሳል። አሁን የለም ቢላችሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግማችሁ እዩ። ሰው ይሰርዛል፣ ይቀይራል፤ ወንበር ይለቀቃል። እኔ ከመተኛቴ በፊት አንዴ፣ ጠዋት ስነሳ አንዴ አያለሁ።

አፑ እምቢ ካለ ቻት ላይ ጻፉ። እንግሊዝኛ በስልክ መነጋገር ለሚከብዳቸው ይህ ጥሩ ነው፤ ተረጋግታችሁ ትጽፋላችሁ፣ የመለሱላችሁም በጽሑፍ ይቀራል። ስክሪኑን ፎቶ አንሱት። ስልክ የምመርጠው ነገሩ ሲወሳሰብ ብቻ ነው፤ ሁለት አየር መንገድ ያለበት ትኬት ሲሆን ለምሳሌ።

ጌት ላይ ያለው ሠራተኛ ከሁሉም በላይ ሥልጣን አለው፤ ጊዜ ግን የለውም። መሳፈር ከጀመረ በኋላ አትሂዱበት። ለበረራው አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ ገና ኮምፒውተሩን እየከፈተ እያለ ሰላምታ ሰጥታችሁ፣ የፈለጋችሁትን የበረራ ቁጥር ይዛችሁ ቅረቡ። "የትኛው በረራ አለ?" ብላችሁ ሥራ አትስጡት፤ "በዚህ ቁጥር መሄድ እፈልጋለሁ" በሉት። ችግራችሁን በአንድ አረፍተ ነገር ንገሩት። ለቅሶ ከሆነ ለቅሶ ነው በሉ። ያልሆነውን ግን አትበሉ።

ትኬታችሁን ከትራቭል ኤጀንት የገዛችሁ፣ በተለይ ወደ አገር ቤት የሚሄደውን፣ አየር መንገዱ "ወደ ገዛችሁበት ሂዱ" ሊላችሁ ይችላል። ኤጀንቱን ቀድማችሁ አናግሩ። ኤርፖርት ከደረሳችሁ በኋላ ግን ካውንተሩ ላይ መጠየቅ አይከፋም።

ሻንጣ

እጅ ሻንጣ ብቻ የያዘ ሰው ንጉሥ ነው። ሻንጣ ያስረከበ ሰው ግን አስቀድሞ ያስብ። በረራ ከቀየራችሁ በኋላ ሻንጣው በድሮው በረራ ሊመጣ ይችላል፤ ከዚያ እናንተ ሦስት አራት ሰዓት ቀድማችሁ ደርሳችሁ ሻንጣ ጥበቃ ትቀመጣላችሁ፣ ወይ በማግስቱ ትመለሳላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ዝውውሩን ጨርሱ፣ ከዚያ ሻንጣውን አስረክቡ። ስታንድባይ ከሆነማ፣ ቢቻል ሻንጣ አታስረክቡ።

በቤተሰብ ለምትሄዱ፦ ስታንድባይን እርሱት። ወንበር የሚለቀቀው አንድ አንድ እያለ ነው። አራት ሰው ሆናችሁ አንድ ላይ የሚያስገባችሁ በረራ ብርቅ ነው። ሠራተኛው "ሁለታችሁ በዚህ፣ ሁለታችሁ በማታው" ሊላችሁ ይችላል። ከትንንሽ ልጆች ጋር ያ አይሆንም። ዊልቸር የሚያስፈልጋቸውን አዛውንትም እንዲሁ። በመጨረሻ ደቂቃ ስም ተጠርቶ መሮጥ አለ፤ እነሱን በዚያ ውስጥ አታስገቧቸው።

ደለስ ላይ

ከአዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ደለስ ገብታችሁ ወደ ሌላ ስቴት የምትቀጥሉ ሰዎች፣ ብዙ ጊዜ ሰፋ ያለ የቆይታ ሰዓት ተሰጥቷችሁ ነው የምትመጡት። ኢሚግሬሽን ሊረዝም ስለሚችል ነው። አንዳንድ ቀን ግን በ40 ደቂቃ ይለቃችኋል፤ በተለይ ሞባይል ፓስፖርት ኮንትሮል የሚባለውን የመንግሥት ነጻ አፕ አውሮፕላኑ እንዳረፈ የሞሉ ዜጎችና ግሪን ካርድ ያላቸው ሰዎች። ያኔ ቀደም ያለ ኮኔክሽን አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው።

ቦታው ግን ወሳኝ ነው። አሜሪካ ስትገቡ የመጀመሪያው ኤርፖርት ላይ ሻንጣችሁን ራሳችሁ አንስታችሁ ጉምሩክ ታልፋላችሁ፤ ከዚያ ለቀጣዩ በረራ መልሳችሁ ታስረክባላችሁ። ጥያቄውን መጠየቅ ያለባችሁ እዚያው፣ ሻንጣውን ከማስረከባችሁ በፊት ነው። ሠራተኛው በረራችሁን ከቀየረ ታጉንም አዲስ አትሞ ይለጥፍላችኋል። ቀድማችሁ ካስረከባችሁና ላይ ወጥታችሁ ጌት ላይ ከቀየራችሁ፣ እናንተ ሲያትል ስትደርሱ ሻንጣው ገና ደለስ ነው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ የተላከው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።

ከቦሌ ስለሚነሳ በረራ በስልክ ስትነጋገሩ ደግሞ የሰዓት አቆጣጠሩን ግልጽ አድርጉ። ከቦሌ ወደ ባሕር ዳር ወይም ድሬዳዋ የሚቀጥል ትኬት ላይ 08:00 ተብሎ የተጻፈው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ዘመድ ደውሎ "የ2 ሰዓቱን አስቀይሩልኝ" ሲል፣ አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከቀኑ 8 ሰዓት ብሎ ይሰማዋል። "በትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት" ብላችሁ ጨምሩ።

ወደ አዲስ አበባ ለምትሄዱ ትልቁ ጥያቄ ትኬታችሁ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ከቤታችሁ እስከ አዲስ በአንድ ትኬት ከሆነ፣ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ቢያመልጣችሁ በሌላ በረራ የማስኬድ ኃላፊነቱ የአየር መንገዱ ነው። እስከ ደለስ ያለውን ለብቻ ከገዛችሁ ግን ኃላፊነቱ የእናንተ ነው። ሁለት ትኬት ለያዘ ሰው ስታንድባይ አይበቃም። ሴም ዴይ ቼንጅም ላይበቃ ይችላል።

እማዬ ባለፈው ዓመት ከእህቴ ዘንድ፣ ከሚኒያፖሊስ፣ በደለስ በኩል ወደ አዲስ ተመለሰች። ሁለት ትኬት ነበር። የመጀመሪያው ማለዳ 12 ሰዓት የሚነሳ ነው፤ የአዲስ አበባው ደግሞ ረፋድ ላይ። ወረቀት ላይ ይደርሳል። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሚኒያፖሊስን ክረምት አውቀዋለሁ፤ የአውሮፕላን ክንፍ ላይ በረዶ እስኪያጥቡ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። አፑን ከፈትኩ፤ ሴም ዴይ ቼንጅ አይሠራም፣ ቀኑ ሌላ ነውና። ተራ ለውጥ አደረግኩ፤ ከዋዜማው ማታ ጋር ያለው ልዩነት 48 ዶላር ነበር። ከፈልኩ።

ደለስ ላይ ማታ 4 ሰዓት በዊልቸር ይዘዋት ወጡ። እኔ ቤት አደረች። ሁለቱን ሻንጣዎች ሳሎን መሐል አስቀምጠን በእጅ ሚዛን መዘንናቸው፤ አንዱ 23 ኪሎ ልክ፣ አንዱ 24 ተኩል። ለአክስቴ ልጆች የተገዛ አንድ ጥንድ ጫማና ትልቅ የሎሽን ጠርሙስ አወጣን። እማዬ ሎሽኑን ትታ ጫማውን በእጅ ቦርሳዋ አስገባችው። ጠዋት ካውንተሩ ሳይከፈት ደለስ ነበርን፤ ቡናዋን በቴርሞስ ይዘን፣ ከሰልፉ ሦስተኛ። በዚያ ቀን ማለዳ ከሚኒያፖሊስ የሚነሳው በረራ በሰዓቱ ይነሳ ይዘግይ፣ ከፍቼ አላየሁትም።